ከነጯ ፒክአፕ ኋላ የፈሰሰው ውኃ

ቅናት የያዛት ሴት መኪና መንዳት የለባትም ይላል ባሌ። ባሌ ብዙ ነገር ይላል፤ የሚሰማው የለም እንጂ። ስለ ቺናር የተናገረው ግን እውነቱን ነበር። ግድግዳችን ከእነሱ ግቢ ጋር አንድ ስለሆነ የዚያን ሰሞን ነገር ከሥሩ አውቀዋለሁ፤ ያላየሁትንም ቺናር ራሷ ኋላ ላይ አንዴ እየሳቀች አንዴ እያለቀሰች ነግራኛለች።

ቺናር የጥርስ ሐኪም ናት። ጠዋት ከአዝመር ተራራ ማዶ ቹዋርታ ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሱለይማኒ ከተማ ውስጥ። አባቷ ድሮ አንድ ሙሉ መንደር ይታዘዝለት የነበረ ሰው ልጅ ነው። የሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አይቼው አላውቅም፤ ሰው ነው እሱ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው። እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ታዲያ ማንን ብትወድ ጥሩ ነው? ሃውካርን! የጋራዥ ሠፈሩን ሃውካር፤ ቱታው ከግሪስ ተለይቶ የማያውቀውን። ክረምት በበረዶው ጊዜ መኪናዋ ተራራው ላይ ስትቆምባት እሱ ደርሶ አነሳት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ልቧም አብሮ ተነሳ።

አባቷ እሺ እስኪል ድረስ በዚያ ቤት ስንት ጩኸት እንደተጮኸ ግድግዳው ማዶ ያለን እናውቃለን። በመጨረሻ ያሸነፈችው ያሳደገቻት አክስቷ ናሽሚል ኻን ናት። ወንድሟን ጠዋትና ማታ እንደ ዝንብ ስትጨቀጭቀው ከርማ እጅ አሰጠችው። ቃሉም ይኸው ነበር፦ "ዓርብ ሽማግሌዎቹን ይላክ። ዓርብ ካልመጡ ግን ይህ ነገር በቤቴ ሁለተኛ እንዳይነሳ። ጀርመን ያለው የወንድሜ ልጅ እየጠበቀ ነው።"

ልክ በዚያው ሳምንት መኪናዋ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች።

ፍሬን ስትይዝ መሪው ትኩሳት እንደያዘው ሰው እጇ ውስጥ ይርዳል። ሃውካር የፊቶቹን የፍሬን ዲስኮች አንዴ ቀይሮላታል፤ ብዙም ሳይቆዩ ተጣመሙ። ሁለተኛም ቀየረ። ሰኞ ዕለት ይኸው ተመልሶ መጣባት። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ነዳች፤ እውነቱን ለመናገር ተናዳ አይደለም የሄደችው። ሰው የሚወደውን ለማየት ምክንያት ሲያገኝ ምን ይከፋዋል? መስታወቷን እያየች ፀጉሯን እያስተካከለች ነው የሄደችው።

ደስታዋ ግን ከበሩ አላለፈም። ሮዣን የሃውካር የሥራ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ወንበር ሞልቶ፣ ጠረጴዛው ላይ! ሮዣን ባሏ የሞተባት፣ ከጋራዡ ጥግ የመለዋወጫ ሱቅ ያላት፣ ዕቃዋን ከኢራን ጠረፍ በነጭ ፒክአፕ ራሷ እየነዳች የምታመጣ ሴት ናት። ስትስቅ ጎረቤት ጋራዦች ሁሉ ይሰማሉ። ያን ቀንም እየሳቀች ነበር። ከሳቋ ይልቅ ቺናርን ያንገበገባት ግን በእጇ የያዘችው የሻይ ብርጭቆ ነው፤ ሰማያዊ ቀለበት ያለው የሃውካር የራሱ ብርጭቆ። ለቺናር ሁልጊዜ የሚቀርብላት የእንግዳው፣ ከሥሩ ሳህን ያለው ነው።

"ዶክተር መጣች!" አለች ሮዣን። "ኧረ ግቢ፣ ስላንቺ እያወራን ነበር።"

"ስለኔ ይህን ያህል የሚያስቅ ነገር መኖሩን አላወቅኩም።"

"አንቺንማ ማን ይስቅብሻል? በመኪናሽ ነው የሳቅነው።"

"እንግዲያው በደንብ ሳቁ። እንደገና ተንቀጥቅጣለች።"

የሃውካር ፊት በአንድ አፍታ ተለወጠ። ቁልፉን ተቀበላትና መንገዱን አንዴ ዞሮ ተመለሰ። ወርዶ ጎማውን ፈታ፤ ዲስኩን አውጥቶ በጣቱ ዳሰሰው። ይህ ሰው በብረት ተሸንፎ አያውቅም፤ አሁን ግን ዲስኩን እንደተሸነፈ ሰው ጭኑ ላይ አጋደመው። ቺናር ዓይኑን ብትፈልገው አጣችው። እሱ ያየው ሮዣንን ነው።

"ነይ እስኪ አንዴ" አላት፤ ሮዣንን። ወደ ጓዳው ጥግ ወስዷት ዲስኩን መሃላቸው ይዘው አንገት ለአንገት ገጥመው ማውራት ጀመሩ።

በዚህ መሃል አንድ ታክሲ የፊት ጎማዎቹ እየጨሱ ከተራራው ወርዶ ገባ። ሹፌሩ ዘሎ ወርዶ የውኃውን ቱቦ ያዘና ቸርኬው ላይ ሊለቀው ሲል ሃውካር ከጥጉ ጮኸ።

"ካካ፣ ወንድሜ! ብረቱን ልትገድለው ነው?"

"እየጨሰ እኮ ነው ወስታ! ይቃጠል?" አለው ሹፌሩ ባለሙያውን።

"ትኩስ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይደፋል? ይጣመምብሃል! ቁጭ በል፣ ሻይ ጠጣ፣ ራሱ ይበርዳል። ነገ ደግሞ ተጣመመ ብለህ እኔን ልትሰድብ።"

"አንተን መስደብማ ለምጄዋለሁ፤ ለዚያ ምክንያት አልፈልግም።"

የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ቺናርም ሰምታለች፤ ጆሮ አላት። ልቧ ግን እዚያ ጥግ ነበር። ሮዣን እጇን የሃውካር ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ "ተወው፣ አታስብ፣ እኔ አለሁልህ" ስትለው ይህችን ብቻ ነጥላ ሰማች። እኔ አለሁልህ! እኔስ የት ሄጄ ነው? አለች በሆዷ።

ሃውካር ዲስኩንና ጎማውን ወደ ቦታቸው መልሶ አሰረ፤ ሮዣንም ከዚያ በኋላ አልቆየችም። ፒክአፗን አስነስታ ስትወጣ ሃውካር ሮጦ ከቧንቧው ጆግ ሙሉ ውኃ ቀዳና መንገዱ ዳር ቆሞ ከመኪናዋ ኋላ አፈሰሰው።

እኛ ዘንድ ውኃ የሚፈስለት ሰው አለ፣ የማይፈስለትም አለ። መንገደኛ ሲወጣ የሚሳሳለት ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ከኋላው ያፈስለታል፤ በሰላም ሄደህ በሰላም ተመለስልኝ ማለት ነው። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ። ለዕቃ ሻጭ ሲፈስ ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም፤ ቺናርም አላየችም። ስንት ቀን ከዚህ በር ወጥታለች! ስንት ቀን "ደኅና ሁኚ" ብሏት መዳፉን በቱታው እየጠረገ ተመልሷል! አንድ ጠብታ አፍስሶላት አያውቅም።

"ወዴት ነው የምትሄደው?" አለችው፤ ፒክአፗን በዓይኗ እየተከተለች።

"ሥራ አላት" አለ። ዓይኑን ሰበረ። ሃውካር ውሸት አያውቅበትም፤ ሲዋሽ ዓይኑን ይሰብራል። "ስሚኝ ቺናሬ። እስከ ሐሙስ ድረስ ተራራውን አትውጪ። በሰው መኪና ሂጂ።"

"እዚህስ?"

"እዚህም አትምጪ። ሐሙስ እኔ ራሴ እጠራሻለሁ።"

"ለምን?"

"እንዲያው ዝም ብለሽ እሺ በይኝ፤ አንድ ጊዜ።"

እሺ አላለችም። ከዓርብ በፊት ያሉት ቀኖች ሁሉ ለሮዣን ተሰጥተው ለሷ የተረፈላት "አትምጪ" ነው። ቁልፏን ከእጁ ነጥቃ ወጣች፤ በዚያ በሚንቀጠቀጥ መሪ።

* * *

ናሽሚል ኻን ለዓርብ ሩዝ የምትጠቀልልበትን የወይን ቅጠል እየመረጠች ነበር። አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃኑ ታነሳለች፣ ቀዳዳ ካለው ትጥላለች፣ ደኅናውን ትደረድራለች።

"ስንት ሰው ነው የሚመጣው? የሃውካር አጎት ሥጋ ይበላል? የሻረዙር ሰው ሥጋ ካላየ በልቻለሁ አይልም።"

"እኔ ምን አውቄ።"

"አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው? ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የከሰለው?"

"ጥርስ ስነቅል ዋልኩ፤ ደክሞኛል" አለችና ክፍሏ ገባች።

ሆድ ሲብሰው እጅ ይፈጥናል። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣችና ጻፈችለት፦ "ዓርብ ሽማግሌዎችህን እንዳትልክ። ከላክህም ውኃ ወደምታፈስላት ላክ።" ላከችው። በዚያው ቅጽበት መልሳ ልትይዘው ፈለገች። ከእጅ የወጣ ነገር ግን አይመለስም።

ደወለ። አላነሳችም። ደግሞ ደወለ። ስልኩን ትራሱ ሥር ከታ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት፤ ሐኪም የሆነች ሴት! በመጨረሻ አንዲት መልእክት መጣች። "እሺ ዶክተር" ትላለች። ሌላ ቃል የላትም።

ዶክተር የሚላት ሰው ፊት ብቻ ነው። ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ አንድ ቀን ዶክተር ብሏት አያውቅም። ብትሰድቢኝ ምን አለበት፣ ብትጮኺብኝ ምን አለበት ሳይል፣ በዚያች በአንዲት ቃል ከደጁ አስወጥቶ በሩን ዘጋባት። አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ያቺ ሮዣን ከመሄዷ በፊት ብርጭቆውን አጥባ ቦታው መልሳው ይሆን? ቅናት እንዲህ ነው። ሰው ሲሞትብህ ሐዘኑ እንኳ ያስለቅስህና ይተውሃል፤ ቅናት ግን እያስለቀሰም ሥዕል ይስልልሃል።

* * *

ረቡዕ ጠዋት መኪናዋን አስነሳች። አትውጪ የተባለችውን ተራራ ወጣች። ለማን ብዬ ነው የማልነዳ? ለሱ? አለች። ቹዋርታ ደርሳ የሰው ጥርስ ስታክም ዋለችና እኩለ ቀን ላይ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ሌላ ቀን ሙዚቃዋን እስከ ጥግ ከፍታ መስኮቷን ዘግታ ነበር የምትነዳው። ያን ቀን ሙዚቃም አስጠላት። መስኮቱን ከፍታ፣ በየመታጠፊያው ፍሬን እየያዘች፣ መሪው እጇን እያንቀጠቀጠው ወረደች። ጎማዎቹ አካባቢ የተቃጠለ ነገር ይሸት ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ቤት የምትገባው ለምሳዋ ነው። ግን ቁጭ ብላ አትበላም፤ የከተማው ሥራ ይጠብቃታል። ሞተሩን እንኳ ሳታጠፋ አክስቷ የተጠቀለለ ምሳዋን በመስኮት ታቀብላትና ትመለሳለች። ግቢያቸው ጠባብ ነው፤ መኪና በአፍንጫው ይገባል እንጂ ዞሮ የሚወጣበት ቦታ የለውም፤ በጀርባ ነው የሚወጣው። ይህን ያዙልኝ።

"ብዪው ደግሞ፤ ትናንት ሳትነኪው ነው የመለስሽው" አለች ናሽሚል ኻን ምሳውን እያቀበለች።

"እበላለሁ አክስቴ።"

ማርሹን አስገብታ፣ ዓይኗን ወደ ኋላ ጥላ፣ ቀስ እያለች መውጣት ጀመረች። አክስቷ እንደ ሁልጊዜው ከቤቱ በር ሥር ያዘጋጀችውን ውኃ አነሳች። ሌላ ሰው አንድ ብርጭቆ ያፈሳል፤ ናሽሚል ኻን ግን ሁለት ጆግ ነው፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ። "ሂጂ፣ በሰላም ተመለሺልኝ" አለችና ወደሚሄደው መኪና ረጨችው። መኪናው ግን በጀርባው ነው የሚወጣው። ውኃው ያረፈው ከፊት ጎማዎቹ ላይ ነው።

ጭስስስ አለ።

ቺናር ፍሬን ያዘች። ከግራው ቸርኬ ነጭ እንፋሎት እየተጥመለመለ ወጣ። ከቀኙም። በተከፈተው መስኮት የጋለ ብረት ሽታ ገባ፤ ከሽታው ጋር ደግሞ የሰኞው ጩኸት ተመልሶ ጆሮዋ ላይ ደረሰ። "ትኩስ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይደፋል? ይጣመምብሃል!"

ክው አለች። ሞተሩን አጥፍታ ወረደች።

"ምን ረሳሽ?" አለች አክስቷ፣ ባዶውን ጆግ እንደያዘች።

"አክስቴ፣ ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምታፈሺው? በየቀኑ? ሁለት ጆግ?"

"በየቀኑ ነዋ! ያንን ተራራ ወጥተሽ ስትወርጂ እኔ ምን ሆኜ እንደምውል ታውቂያለሽ?" ናሽሚል ኻን ጆጉን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። "እናትሽ በዚያ መንገድ የቀረች ቀን ቸኩላ ነበር። ውኃ ላምጣ ብዬ ስገባ ሄደች። ጆጉን ይዤ ስወጣ መንገዱ ባዶ ነበር። እንዲሁ እንደያዝኩት ቀረሁ።"

ቺናር አክስቷን አቀፈቻት፤ እርጥቡ ጆግ መሃላቸው ገብቶ ቀሚሷን አረጠበባት። ዲስኮቹ ደኅና ነበሩ። የመጀመሪያዎቹም ደኅና፣ ሁለተኛዎቹም ደኅና። ሃውካርም ደኅና ነበር። ያጣመመቻቸው እናት አልባ ልጇ እንዳትቀርባት የፈራች ሴት ናት፤ ቺናርም ዳኛ ሆና የፈረደችው ምንም ባላጠፋ ሰው ላይ ነው። ነገ ሐሙስ ነው፤ ዓርብ ደጅ ላይ ቆሟል።

* * *

ከሰዓት በኋላ ሥራዋ አልሄደችም። ጋራዡ ስትደርስ ነጯ ፒክአፕ ከእሷ ቀድማ ቆማለች፤ እስከ ጣሪያዋ አቧራ ለብሳለች፤ ጎማዎቿ ገና እንደጋሉ ናቸው። ሮዣን አንድ ካርቶን ከላይዋ አውርዳ ሃውካር እግር ሥር ዱብ አደረገችው።

"ይኸውልህ። ጠረፉን ተሻግሬ እዚያ ማዶ ከከተማው ነው ያመጣሁት፤ ኦሪጅናል ነው። ይህም ከተጣመመ እንግዲህ ራስህን ቶርኖ ቤት ውሰደው።"

ቺናር በሩ ላይ ቆማ ካርቶኑን አየችው። የእሷ መኪና ዓይነት ተጽፎበታል። የሄደችው ለሷ ነበር! ውኃው የፈሰሰው ለሷ ዲስክ ነበር!

ሃውካር አያት። አልተነሳም። "ዶክተር" አለ። "ነገ ነበር ያልኩሽ።"

"ዶክተር አትበለኝ።"

"ምን ልበልሽ? አንቺስ ምን ብለሽ ጠራሽኝ? ስሜን እንኳ አልጻፍሽም። አንድ መስመር ጽፈሽ ዓርቤን ገደልሽው።" ተነሳ፤ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ መሬት ላይ ወረወረው። "አጎቴ አዲስ መታጠቂያ ገዝቶ ቀኑ ሳይደርስ ከሻረዙር ተነስቶ ነበር። ደውዬ ከመንገድ መለስኩት። ሽማግሌ ከመንገድ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሁለተኛ እግሩን አያነሳም!"

"አንተስ? ለምን አልነገርከኝም? ወዴት ትሄዳለች ብዬ ስጠይቅህ ለምን ዓይንህን ሰበርክ?"

"ምን ልበልሽ? እግርሽ ሥር ያደረግኩት ፍሬን አላስተማመነኝም ልበልሽ? ያውም በዚያ ተራራ? እናትሽ በቀረችበት?" ድምጹ ተሰበረ። "ሦስት ቀን እንቅልፍ አልተኛሁም፤ አንቺ ግን ተቀምጠሽ ስለ ውኃ ትጽፊያለሽ።"

ሮዣን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለች፤ እንደ ልማዷ። "አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትናደጂ። ዓይን አለኝ፤ ቆንጆ ወንድ መሆኑን አይቻለሁ፤ አልዋሽም። ግን ሰኞ ይህን ያህል ሰዓት ምን ሲያወራኝ የዋለ ይመስልሻል? ስለ ፍሬንሽ! ሴት ተቀምጣ ስለ ሌላ ሴት ፍሬን! ወላሂ ሟች ባሌ እንኳ እንዲህ አሰልችቶኝ አያውቅም። ዕቃሽ ብልሹ ነው ብሎ ሲሰድበኝ ነው ከተስፋ መቁረጥ የሳቅኩት።"

"ዕቃሽ ብልሹ አይደለም" አለች ቺናር።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

ነገረቻቸው። የግቢውን ጥበት፣ በጀርባ መውጣቱን፣ ሁለቱን ጆግ፣ ጭስስስ ያለውን እንፋሎት፣ አክስቷ ጆጉን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያለቻትን ሁሉ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ሃውካር ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የሚያለቅስ መስሏት ቀረብ አለች። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነው።

"እኔ በሹፌሩ ሁሉ ላይ ስጮኽ! ናሽሚል ኻን!" አለ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ቀና ብሎ አያት። "እንዳትነግሪያት።"

"እሺ፤ ዲስኩስ?"

"ዲስኩን በየወሩ እቀይራለሁ። እስክሞት እቀይራለሁ። ያቺን ሴት ግን ውኃ እንዳታፈሺ ብሎ የሚነግራት ሰው እኔ አልሆንም።"

እዚህ ላይ ነው ቺናር የተሸነፈችው። ከሰኞ ጀምሮ የያዘችው ጥያቄ ግን፣ ቅናት ነውና፣ አሁንም አልተዋትም፤ ወጣ።

"ለኔ ግን አፍስሰህልኝ አታውቅም። ለእሷ ሮጠህ ነው የቀዳኸው። ለኔ አንድ ቀን! አንድ ቀን እንኳ! ብርጭቆህንም የሰጠኸው ለእሷ ነው!"

"ውኃ የሚፈሰው ለሚሄድ ሰው ነው ቺናሬ" አለ ሃውካር፤ ድምጹ ዝግ ብሎ። "አንቺ ከዚህ በር ስትወጪ ሄደች ብዬ አስቤ አላውቅም። በልቤ አልሄድሽም፤ ምን ብዬ ላፍስስልሽ? ብርጭቆዬን ደግሞ ያልሰጠሁሽ ግሪስ ስለማይለቀው ነው። ከእንግዳዬ ሁሉ ያማረውን ነበር የምሰጥሽ። በዚህም ለካ አስቀይሜሻለሁ።"

ቺናር ማልቀስ ጀመረች፤ እዚያው፣ ታክሲ ሹፌሮቹ እያዩ።

"አሁን ማልቀሱን ተዉትና" አለች ሮዣን ከጠረጴዛው ዘላ እየወረደች፣ "ዓርብስ? አባትሽ ዓርብ ካለ ዓርብ ነው አይደል?"

"አጎቴ አይመጣም" አለ ሃውካር። "አውቀዋለሁ። ኩሩ ነው።"

"ኩራቱን ለሌላ ይያዝ። የትራክተሩን መለዋወጫ ከማን ነው የሚገዛው? ከኔ! እርሻው ሊጀመር ሲል ማን እንደሚያስፈልገው አስታውሰዋለሁ። ከዚያም ሁሉ በላይ ጥፋተኛዋ ዕቃ ነጋዴዋ ናት፣ እኔ ነኝ ልጁን ያሳሳትኩት፣ እሱ አላጠፋም እለዋለሁ። ሽማግሌ ለእውነት አይነሳም፤ ይቅርታ ሲጠይቁት ግን ይነሳል።" ፀጉሯን መልሳ አሰረችና ቁልፏን አነሳች። "ዓርብ ጠዋት ፒክአፕ ላይ ጭኜ አምጥቼ በርሽ ላይ አወርደዋለሁ፤ አዲስ መታጠቂያውን እንደታጠቀ።"

"ሮዣን" አለች ቺናር።

"ምንም አትበዪ። አፍሽን ስትከፍቺ ብቻ ነው የምትጣዪኝ።"

ነጯ ፒክአፕ ጮኻ ተነሳች። ቺናር ዙሪያዋን አየችና ሮጠች። ከቧንቧው ሥር ያንኑ ጆግ አንስታ ሞላችው፤ እስኪፈስስ ሞላችው፤ በሁለት እጇ ይዛ እየረጨች መንገዱ ላይ ወጣች።

"ከኋላ!" ብሎ ጮኸ ሃውካር። "ከኋላ አፍስሺው! ጎማዎቹ ገና ትኩስ ናቸው!"

"አውቃለሁ!" አለች፤ እየሳቀች፣ ከእንባዋ የተነሳ ዓይኗ ምንም ሳያይላት። ፒክአፗ እልፍ እስክትል ጠብቃ ውኃውን በሙሉ ከኋላዋ አስፋልቱ ላይ ገለበጠችው። አንድ ጠብታ አላስቀረችም።

ሮዣን በመስኮቷ አንገቷን አወጣች። "እኔን ነው እንድትመለስ የምትፈልጊው ወይስ ሽማግሌውን?"

"ሁለታችሁንም!" ብላ ጮኸች ቺናር። "ቶሎ ተመለሺ! ቶሎ!"

ባዶውን ጆግ ደረቷ ላይ አስጠግታ ፒክአፗ ታጥፋ እስክትጠፋ ቆመች። አክስቷም እንዲህ ነው የምትቆመው። ሃውካር መጥቶ ከጎኗ ቆመ። ያቺን ሴት ከመንገድ ያስቀርልኝ ብላ ስትራገም የሰነበተችው ቺናር፣ በሰላም መልስልኝ እያለች ስትለምንላት ቆየች።